ሱሉልታ ላይ ያልጮኸችው ደወል

መልከጼዴቅ የተገኘው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ነበር። የሱሉልታን ብርድ ሊሸሽ ያስገባው ከሰል አመድ ሆኗል። ከፊቱ፣ ከሰል ሰው እንዳያፍን ብሎ ራሱ የሠራት ትንሽ ደወል አረንጓዴ እያበራች ዝም ብላለች።

ኢንስፔክተር አሰጋሽ ዐይኗን ከሟቹ አሽሽታ ደወሏ ላይ ተከለች።

«አክመል ነው ያበላሻት!» አሉ አከራይዋ ወይዘሮ ዱርሲቱ። «ትናንት ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ያ ረቢ፣ እንዲህ ያለ ልጅ!»

የሟቹ ሸሪክ አክመል እጁ በካቴና ታስሯል። «ተጨቃጭቀናል፣ አልዋሽም። ቶሎ እንሽጣት ስለው ገና ነው አለኝ። ግን ኢንስፔክተር፣ ትናንት ፕሮግራሟን አድሶ ከከሰል አጠገብ ሲያበራት ጮኻለች! በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

የሟቹ እህት ሮዳስ ነጠላዋን ነክሳ ጥግ ቆማለች። «ሰሞኑን ደስ ብሎት ነበር። ኮምፒውተሩ ተንቀራፈፈብኝ ሲል አጽድቼለት…» እንባዋ ቀደማት።

አሰጋሽ ኮምፒውተሩን ከፈተች። «እስቲ አስረዳኝ፣ አክመል። ደወሏ በምን ትሠራለች?»

«እኛ የጻፍነውን እሷ ወደምታውቀው ቋንቋ የሚቀይር ኮምፓይለር አለ። መልኬ ሁለት ነበር የሚያኖረው፤ አሮጌው ለደወሏ፣ አዲሱ ለሌላ ሥራ። አሮጌው ከሌለ ኮምፒውተሩ ሳይጠይቅ አዲሱን ይጠራል።»

አሰጋሽ ፈለገች። ያለው አዲሱ ብቻ ነው።

ከሰል አስቀጣጥላ ሦስቱንም ደጃፉ ላይ ሰበሰበቻቸው። ደወሏን ከጭሱ አጠገብ አበራቻት፤ ጮኸች። አጥፍታ፣ ራቅ ብላ ንጹሕ አየር ላይ አበራቻትና ወደ ከሰሉ አስጠጋቻት።

ዝም። አረንጓዴ።

«አየሩን የምትጠይቀው ስትበራ ብቻ ነው» አለች። «መልከጼዴቅ ከከሰል አጠገብ አብርቶ ሞከራት፤ ስትጮኽ አመናት። ማታ ግን ደወሏ ቀድማ በርታለች፤ ከሰሉ ኋላ ነው የገባው።»

«አዲሱ ነዋ የቀየራት…» አለ አክመል። «ሥራ ሊያቀላጥፍ ብሎ፣ አየሩን አንዴ ካስጠየቃት አያስደግማትም። አሮጌው ግን አይታክተውም ነበር።»

«ታዲያ አሮጌው የት ገባ?» አሉ ወይዘሮ ዱርሲቱ።

አሰጋሽ መልሱን ታውቀዋለች። ዝም ብትል አክመል ወህኒ ይወርዳል። ብትናገር…

«ሮዳስዬ» አለች በቀስታ፣ «ኮምፒውተሩን ስታጸጂ ምን አጠፋሽ?»

«አሮጌ የሚል አየሁ» አለች ሮዳስ። «ሁለት ምን ያደርግለታል፣ ቦታ ይስፋለት ብዬ… አዲሱ አይሻልም?»

ሮዳስ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ካቴናው ሲፈታለት አክመል ሄዶ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ትናንት ደወሏ ስትጮኽ እኔም አጨብጭቤያለሁ እኮ፣ እህቴ» አላት።

ደወሏ ከሚጤሰው ከሰል ጎን፣ አየሩ ንጹሕ ነው እያለች አረንጓዴ ታበራለች።