ለራኒ የተመረጠው ፖምፓ

«እሰይ፣ መጣልን!» አለ ጃግዴዎ፣ ከትራክተር ላይ እየተንገዳገደች የምትወርደውን ሴትዮ እንዳየ። «ቀስ ብለሽ አስቀምጪው! ከወደቀ አለቀልን!»

ሴትዮዋ በሁለት እጇ ያቀፈችውን ከባድ ከረጢት ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ምኑ ነው የሚወድቀው?»

«ፖምፓው ነዋ! ከከተማ የተላከው የናፍጣ ፖምፓ አይደለም የያዝሽው?»

«ካሳቫ ነው» አለች። «ምሳዬ ነው። ቢወድቅም እበላዋለሁ።»

ጃግዴዎ የሸንኮራ ቆራጮች አለቃ ነውና በቀን መቶ ጊዜ ይጮኻል እንጂ እንዲህ ያለ መልስ አልለመደም። ያን ጊዜ ወጣቱ ኮንስታብል ዋይሳሌ እየሮጠ መጥቶ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። «ሳጅን ቪሊማይና! በዕረፍት ቀንሽ ስላስጠራንሽ ይቅርታ።»

«ይቅርታውን ለካሳቫው ንገረው፤ ሳይቀቀል ነው የመጣው» አለችና ወደ ጃግዴዎ ዞረች። «አንተ ፖምፓ ትጠብቃለህ?»

«ኤሞሲ ያዘዘው ነው፣ እመቤቴ። ትናንት ማታ በእኔ ስልክ ደውሎ ነው ያዘዘው። በአምስት ሰዓቱ አውቶቡስ ይደርሳል ብሎ ነበር።» በአገጩ ወደ ማንጎው ዛፍ ጠቆመ። «አሁን ማን ይገጥመዋል? ገጣሚው ገዳይ ሆኖ አረፈው!»

መካኒኩ ኤሞሲ እጁ በካቴና ታስሮ ማንጎው ሥር ተቀምጧል። ከአጥሩ ወዲያ ሚስቱ ሊቲያ ለእስር ቤት የሚሆን አንድ ሸሚዝ አጥፋ ይዛ ቆማለች። አታለቅስም። ሸሚዙን ብቻ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች። በስምንት ሰዓት ወደ ላባሳ ከተማ እንዲወሰድ ታዟል። ከዚህ በፊት በጠብ አንድ ዓመት ታስሯል፤ ዳኛ ፊት ሲቀርብ ማንም «አላደረገውም» እንደማይለው ባልና ሚስቱ ያውቃሉ።

ሟቹ ሙኒያፓ በረንዳው ላይ በገመድ አልጋ ተዘርግቶ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የስኳር ፋብሪካው ጥሩምባ ሲነፋ፣ በሸንኮራ ማመላለሻ መኪናው አፍንጫና በሲሚንቶው የውሃ ታንከር መካከል ተጣብቆ ሞተ። መኪናዋን «ራኒ» ይላት ነበር፤ ንግሥት ማለት ነው። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነው፣ ንግሥትነቷም የቀረው በስሟ ላይ ብቻ ነው።

ከሦስት ቀን በፊት ከጎረቤት የዘለለ እሳት የሙኒያፓን ሸንኮራ በሙሉ ለበለበው። የተቃጠለ ሸንኮራ ቶሎ ካልተፈጨ ይኮመጥጣል፤ ከነገ በኋላ ፋብሪካው አይቀበለውም። ራኒም ፖምፓዋ የሞተው በዚያው ዕለት ነው። ያረጀ ፖምፓ የሚሞትበትን ቀን መምረጥ ያውቅበታል።

ሳጅን ቪሊማይና በረንዳው ላይ ወጥታ ጨርቁን ገለጥ አደረገች። ደረቱ ተጨፍልቋል። ፊቱና የሸሚዙ አንገትጌ በናፍጣ ርሷል። መልሳ ሸፈነችው።

«እስቲ ያየኸውን ንገረኝ» አለችው ዋይሳሌን።

«ግልጽ ነው፣ ሳጅን። ቁልፉ ተዘግቷል፣ ማርሹ አንደኛ ላይ ነው። ከመኪናው ሥር የኤሞሲን መፍቻ አገኘሁ። ማርሽ ውስጥ እንዳለች ሞተሩን አስነሳ፣ ራኒ ዘለለች፣ ሰውየውን ጨፈለቀች። ደነገጠ፣ ቁልፉን ዘጋና ሮጠ። የእጅ ፍሬን የላትም።»

«የእጅ ፍሬን ያለው መኪና በዚህ መንደር አይተሃል?»

«እኔስ አላየሁም» አለ ዋይሳሌ።

እውነቱን ነው። እዚያ አገር መኪና የሚያቆም ሰው ሞተሩን ያጠፋል፣ ማርሽ ያስገባል፣ ይወርዳል። ሞተሩ ከጠፋ ማርሹ ራሱ መኪናዋን ይዞ ያቆማታል። እጅ ይህን ሲያደርግ ራስን አያማክርም።

ማንጎው ሥር ሄዳ ከኤሞሲ ፊት ለፊት ቁጢጥ አለች።

«መፍቻው ያንተ ነው?»

«የእኔ ነው። አሥራ ሰባት ቁጥር ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ።»

«እሱ መፍቻ የመንደሩ ነው» ጣልቃ ገባ ጃግዴዎ። «የኤሞሲ የሚሆነው ሲጠፋ ብቻ ነው።»

«ከሙኒያፓ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

ኤሞሲ አንገቱን ደፋ። «ትናንት አንድ ፖምፓ አሳየኝ። ቡሎኑም ልኩም ትክክል ነው። ግን ለዚች መኪና የተሠራ አይደለም። 'ከየት አመጣኸው?' ብለው አልነገረኝም። 'አንድ ቀን ታገስ፣ ከወደቀች አምሳያዋ መኪና ላይ የተፈታ አለ፣ አስመጣልሃለሁ' አልኩት። 'ሸንኮራዬ አንድ ቀን የለውም' አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«'ይህ ፖምፓ ይገድልሃል!' አለው!» ጮኸ ጃግዴዎ። «በዚህ ጆሮዬ ሰምቼዋለሁ!»

«ብዬዋለሁ» አለ ኤሞሲ። «ምክር ነበር እኮ። ጧት ደግሞ መንገድ ላይ የመጀመሪያውን አውቶቡስ እየጠበቅሁ ነበር፤ ፖምፓው ተጭኖ እንደሆነ ብዬ። ማን ያምነኛል?»

ዋይሳሌ ፈገግ አለ፤ ሳጅኗ ስታየው ፈገግታውን ዋጠው።

ራኒ ከታንከሩ ወደ ኋላ ተገፍታ ኮፈኗ እንደተከፈተ ቆማለች። ሳጅኗ ጭንቅላቷን አስገብታ ብዙ ቆየች። ፖምፓው ንጹሕ ነው፤ ባሕር ላይ ብረት እንዳይዝግ የሚቀባ ወፍራም ነጭ ቅባት ተቀብቷል። ከላዩ የሚገባው የናፍጣ ቧንቧ ላልቶ ያንጠባጥባል። ከቁልፉ የመጣው ሽቦ ግን የሚገባበት አጥቶ ተንጠልጥሏል፤ ጫፉም በዓሣ ማጥመጃ ናይለን ተጠምጥሞ ታስሯል። ከፖምፓው ጎን፣ በስተቀኝ፣ አውራ ጣት የምታህል ማንሻ አለች። ነካ አድርጋ ተወቻት።

በረንዳው ላይ የሟቹ ሚስት አንጃላይ ከአስከሬኑ እግር ሥር ተቀምጣለች። አጠገቧ አንድ ወንድሟ ቪርሳሚ ትከሻዋን ይዟል። ዓሣ አጥማጅ ነው፤ በሸንኮራ ወራት ግን ከሙኒያፓ ጋር እየተፈራረቀ ራኒን ይነዳል።

«እናቴ፣ ጧት ምን ሰማሽ?» አለቻት ሳጅኗ።

«ሞተሩን» አለች አንጃላይ። «ከሦስት ቀን በኋላ ሲነሳ ሰማሁና እጄን አጨበጨብኩ። ከዚያ ጮኸ። እሱም ጮኸ። ከኋላው ቤት ስደርስ ዝም ብሏል። ሁለቱም ዝም ብለዋል።»

«ፖምፓውን ከየት አገኘው?»

«አልጠየቅሁትም። ሦስት ሌሊት አልተኛም። 'ተገኘ' አለኝ፣ 'ተመስገን' አልኩት።»

«አንተስ ወንድሜ፣ ዛሬ ባሕር አልወጣህም?»

«ነፋስ ነበረ» አለ ቪርሳሚ። «ትናንትም ከትናንት በስቲያም። ጀልባዬን ከዳር አስሬ ቤቴ ተኝቼ ነበር። ሰው ነው የጠራኝ።»

ሳጅኗ ቀና አለች። ከሩቅ አንድ ሌላ ማሳ እየነደደ ነው። የሸንኮራው ጥቁር አመድ ከሰማይ ቀጥ ብሎ እየወረደ፣ አንጃላይ ባሰጣችው ልብስ ላይ፣ በነጩ ጨርቅ ላይ ያርፋል። አንዱ ቅንጣት እንኳ ዘወር አላለም።

«ልብሱ መቼ ነው የተሰጣው?»

«ከትናንት ወዲያ» አለች አንጃላይ። «ማን ያስገባዋል?»

ካናቴራዎቹ ያለ መቆንጠጫ፣ ሽቦው ላይ እንደተጣሉ አሉ።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ሁሉንም ራኒ ዘንድ ሰበሰበቻቸው። ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገብታለች፤ የላላውን ቧንቧ ዋይሳሌ አጥብቋል፤ ማርሹ ነጻ ነው።

«አስነሳት» አለችው ዋይሳሌን።

«ሳጅን፣ የሟቹ ሬሳ ገና በሥርዓቱ አልተቃጠለም እኮ» አለ ጃግዴዎ። «ነውር ነው።»

«ነውሩን እኔ እወስዳለሁ። አስነሳት!»

ራኒ ሁለት ጊዜ አስነጠሰች፤ ከዚያ ጥቁር ጭስ ተፍታ አገሣች። አንጃላይ ያንን ድምፅ ስትሰማ ጆሮዋን ያዘች። ዋይሳሌ እግሩን ነዳጁ ላይ ረስቶታል፤ ሞተሩ ጮኸ።

«በቃ፣ አጥፋት!»

ዋይሳሌ ቁልፉን ዘጋ። ሞተሩ ቀጠለ። ደግሞ ከፍቶ ዘጋ። ቀጠለ። ጃግዴዎ ወደ ጋቢናው ዘልሎ «አንተ ደንቆሮ፣ ወዲያ በል!» ብሎ ቁልፉን ነቅሎ አወጣው። ቁልፉ እጁ ላይ ሆኖ ራኒ ታገሣለች። አንጃላይ ተንበርክካ መጮህ ጀመረች፤ «አጥፉልኝ! ስለ አምላክ፣ አጥፉልኝ!»

አንድ ሰው ኮፈኑ ዘንድ ደረሰ። ሳያይ፣ ሳይዳብስ፣ በትኩሱ ብረት መካከል እጁን ሰዶ ያቺን ትንሽ ማንሻ ሳባት።

ሞተሩ ጸጥ አለ።

ቪርሳሚ እጁን አወጣና እንደ ሌላ ሰው እጅ አየው።

«እኔም ቅድም ነካ ባላደርጋት አላገኛትም ነበር» አለች ሳጅን ቪሊማይና በቀስታ። «አባቴ ጀልባ ነበረው። ባሕር መካከል መብራት ቢቋረጥ ሞተሩ እንዳይሞት ተብሎ፣ የጀልባ ፖምፓ ከቁልፍ ጋር አይገናኝም። በእጅ ነው የሚጠፋው። ለዚህ ነው የራኒ ሽቦ ተንጠልጥሎ የቀረው። በናይለን ያሰረው ሰው ደግሞ ከኪሱ ናይለን የማይጠፋ ነው።»

«ኤሞሲስ ማሰር አይችልም?» አለ ጃግዴዎ፣ ያንን ቁልፍ አሁንም እንደያዘ።

«አንተ ነህ የመለስክልኝ። ካሳቫዬን ፖምፓ ያልከው ሌላ ስትጠብቅ ነው። ትክክለኛውን አዝዞ አምስት ሰዓት እስኪደርስለት የሚጠብቅ መካኒክ፣ ይገድላል ያለውን በጧት ተነስቶ አይገጥምም። አሁን ደግሞ ይህን አስቡ። ዋይሳሌ ሲመጣ ቁልፉ ተዘግቶ ነበር። ግን ቁልፉ ይህን ሞተር አያጠፋውም፤ አሁን አይታችኋል። እንግዲህ ሙኒያፓ ከተጨፈለቀ በኋላ በቀኝ በኩል ቆሞ ማንሻዋን የሳበ ሰው አለ። ፖምፓውን እንደ እጁ የሚያውቅ ሰው።» ወደ ሰማይ ጠቆመች። «ነፋስ ነበረ አልከኝ፣ ወንድሜ። ልብሱ ያለ መቆንጠጫ ሁለት ቀን ሽቦ ላይ አድሯል፤ አንድም አልወደቀም። ባሕሩ እንደ ዘይት ረግቶ ሳለ ጀልባህ ያልወጣው ነፋስ ከልክሎህ አይደለም። ፖምፓው እዚህ ስለሆነ ነው።»

ቪርሳሚ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ለመነኝ» አለ። «ሦስት ቀን ለመነኝ። የጀልባዬን ነቅዬ ሰጠሁት፤ ሸንኮራው እስኪያልቅ ብዬ። ለማንም አትንገር ብሎኛል፣ ኤሞሲ እንዳይስቅበት። ጧት ገጠምነው፣ ተነሳ። እኔ ጋቢና ነበርኩ፣ እሱ ከፊት ሆኖ ያያል። ቧንቧው ላላና ናፍጣው ዓይኑ ውስጥ ተረጨ። 'አጥፋ! አጥፋ!' አለኝ። ቁልፉን ዘጋሁ። እጄ ማርሽ አስገባ... ሁልጊዜ እንደማደርገው። ጠፍቷል ብዬ እግሬን ከፍሪሲዮኑ አነሳሁ። ራኒ ዘለለች፤ ወርጄ ማንሻዋን ሳብኩና ሮጥኩ።»

አመዱ ይወርዳል።

«ለምን ዝም አልክ?» አለችው ሳጅኗ። «ያ አደጋ ነበር። ሰው በሐሰት ማሳሰር ግን አደጋ አይደለም።»

«እህቴ ናት እኮ» አለ። «ባልሽን የገደልኩት እኔ ነኝ ብዬ እንዴት ልንገራት? ኤሞሲን ዛሬ ይለቁታል፣ ነገ ይለቁታል እያልኩ...» ወደ አንጃላይ ዞረ። «ዲዲ፣ እህቴ፣ ልረዳችሁ ብዬ ነው። አንድ ቃል ንገሪኝ።»

አንጃላይ አላየችውም።

ዋይሳሌ የኤሞሲን ካቴና ፈታ። ሊቲያ አጥሩን ዘልላ ገብታ ሸሚዙን ባሏ ጭን ላይ አስቀመጠችና ያን ጊዜ አለቀሰች። ከመንገዱ የአውቶቡስ ጥሩምባ ተሰማ። ሾፌሩ በጋዜጣ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ተሸክሞ መጣ፣ ኤሞሲንም እንዳየ ተቆጣ።

«አንተ ሰው፣ ጧት በአሥራ ሁለት ተኩል አስቁመኸኝ 'በአምስት ሰዓት ነው' አላልኩህም? ይኸው! ምን አስቸኮለህ?»

ሳጅኗ ዋይሳሌን አየችው። ዋይሳሌ ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ።

ኤሞሲ የታሰረበትን የእጁን አንጓ እያሸ ተነሳ። በረንዳውን አየ፣ የተቃጠለውን ማሳ አየ። «መፍቻዬን ስጡኝ» አለ። «እስከ ማታ ሁለት ጭነት ሸንኮራ ፋብሪካው ይደርሳል።»

«ሻጩ አሮጌውን በምትኩ ላኩልኝ ብሏል» አለ ሾፌሩ። «የቱ ነው የሚመለሰው? ይኼ የተገጠመው ነው?»

አንጃላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድሟን ቀጥ ብላ አየችው።

«የእኛ አሮጌ ከአልጋው ሥር አለ፤ እሱን ውሰድ» አለች። «ይኼኛውን ለባለቤቱ ስጡት። እንዴት እንደሚጠፋ እሱ ያውቅበታል።»