የመኪናዋ ካሜራ የበላቻቸው ፎቶዎች

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ቅንጣት አልጨመርኩበትም።

"ፈጠራ ነው" ብላችሁ የምትጽፉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔም እዚሁ ቻናል ላይ የሰው ታሪክ ሥር "ቂሎች" እያልኩ እጽፍ ስለነበር አልቀየማችሁም።

ዕለቱ ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። የነሐሴ ፀሐይ አናት ትበሳለች።

ጨለማ የለም፤ ዝናብ የለም። ጠራራ ፀሐይ...

ቦታው ሶንጎል የምትባል የትውልድ መንደሬ ናት። ወጣቱ ሁሉ ጥሏት ሄዶ ከሰው ይልቅ ውሻ ይበዛባታል። እኔም ጆንጁ ከተማ ፎቶ ቤት ከፍቼ ሙሽሮችን አነሳለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ሶንጎልን እንቃት ነበር። ሽማግሌዎቿን እንቃቸው ነበር። የእናቴንም ልመና ጭምር።

ልመናዋ ይሄ ነው። በጨረቃ አቆጣጠራችን በሁለት በሦስት ዓመት አንዴ ትርፍ ወር ትገባለች። በዚያች ወር መናፍስት የሰውን ሥራ አያዩም ይባላል። ስለዚህ አዛውንቱ ከፈናቸውን የሚያሰፉት፣ ለቀብራቸው ቀን የሚቆመውን ፎቶ የሚነሱት ያኔ ነው። ዕድሜ ይጨምራል ይላሉ።

ከወሯ ውጪ ግን... አይደፍሩም።

ባለፈው ትርፍ ወር፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ እናቴ "ና አንሳን" ብላኝ እመጣለሁ ብዬ ቀረሁ። የዘንድሮዋ ስትገባ በየቀኑ ደወለች። የመጨረሻዋ ቀን አርብ ነበረች።

አርብ ዕለት ዓሣ ላጠምድ ሄድኩ።

ቅዳሜ ስደርስ ስድስት አዛውንት፣ እናቴን ጨምሮ፣ የክት ልብሳቸውን ለብሰው በመንደሩ አዳራሽ ወለል ላይ ተደርድረዋል። እናቴ ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

"ወሯ ትናንት አለቀች እኮ" አለች በሹክሹክታ።

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ይቅር። ሰዎቹ ፈርተዋል።"

"ይቅር? በዚህ ሙቀት አንድ ሰዓት ተኩል የነዳሁት ሐብሐብ ልበላ ነው?"

"ዱሶፕ፣ ቀስ በል... ይሰሙሃል።"

"ይስሙኛ! ካሜራው ላይ ቀኑን ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። ፎቶው ላይ የትርፍ ወር ቀን ይጻፋል። አለቀ።"

"ትናንት እንዳልመጣህ መንደሩ ሁሉ ያውቃል።"

"እንግዲያው የዛሬ ሁለት ዓመቷን ትርፍ ወር አደርገዋለሁ። ያኔ መጥቶ ነበር በያቸው።"

እናቴ ክንዴን ለቀቀችው።

"ያኔም ጠብቄህ ነበር" አለች።

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ካሜራዬን ስከፍት ካርድ የለውም። ኮምፒውተሬ ላይ ሰክቼው መጥቻለሁ። ጀማሪ ቢያደርገው ዓመት ሙሉ እስቅበት ነበር። ደግነቱ የመኪናዬ መስታወት ላይ መንገድ የምትቀርጽ ትንሽ ካሜራ አለች። ጥፍር የምታህለውን ሚሞሪ ካርዷን ነቀልኩና በትልቅ ካርድ ልክ በተሠራ ማቀፊያ፣ በአዳፕተር ውስጥ ከተትኳት፤ አዳፕተሩን ካሜራዬ ላይ ሰካሁት። ካርዷ በመንገድ ቪዲዮ ሞልታለች ማለት ይቻላል። ለስድስት ፎቶ የሚሆን ቦታ ግን አላጣችም።

ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ ቀኑን ሁለት ዓመት ወደ ኋላ መለስኩት።

"ይኸው! ትርፍ ወር ላይ ነን!" አልኩ ጮክ ብዬ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ማንም አልሳቀም።

መጀመሪያ የተቀመጡት የዘጠና አንድ ዓመቱ አባባ ጉ ናቸው። ከረባታቸው አንገታቸውን አንቆ ይዟቸዋል።

"አንተ ልጅ፣ መናፍስቱ ይህቺን የጻፍካትን ቀን ያምኗታል?"

"አባባ፣ የሶንጎል መናፍስት ከሆኑ ፊደልም አልቆጠሩ።"

"እህ..."

"ፈገግ ይበሉ እንጂ! ለቀብር ነው እንጂ ለፍርድ ቤት አይደለም።"

አነሳኋቸው። ከወንበሩ ሲነሱ ደረታቸውን ዳበስ አደረጉና "ቀለለኝ" አሉ።

ቀጥሎ እማማ ሱልሬ ተቀመጡ። የፀጉራቸው ቀለም ከላብ ጋር በጆሮ ግንዳቸው ይወርዳል። "ሙሽራ መስለዋል" ብዬ አሾፍኩባቸው። አነሳኋቸው። ሲነሱ...

"ቀለለኝ" አሉ።

ሦስተኛው አባባ ያንግ ናቸው። ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን ቤት ረስተው ልጅ ልከው አስመጥተዋል። እሳቸውም ከወንበሩ ሲነሱ ያንኑ ቃል ደገሙ። ከዚያም ሁለት ባልቴቶች። እነሱም ያንኑ።

የተማከሩ መሰለኝ። "ሙቀት ነው፤ ውኃ ጠጡ" አልኳቸው።

እናቴን መጨረሻ ላይ አስቀመጥኳት። ከንጋት ጀምራ ፀጉሯን ስታበጥር እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው። ሁሉንም አንድ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከደረት በላይ፣ ነጭ ግድግዳ ጀርባቸው አድርጌ አነሳኋቸው። ለእሷም ሁለተኛ አልጨመርኩላትም።

ስትነሳ እጄን ያዘችኝ። እጇ በዚያ ሁሉ ሙቀት ቀዝቅዟል።

"ቀለለኝ፣ ልጄ" አለች።

የቆረጡልኝን ሐብሐብ እንኳ ሳልቀምስ ወጣሁ። ትንሿን ካርድ ከአዳፕተሩ አውጥቼ ወደ መኪናዋ ካሜራ መለስኳት፤ ፎቶዎቹን ከተማ ስደርስ እገለብጣለሁ ብዬ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ካርዷ ስትሞላ የመኪና ካሜራ አሮጌውን አጥፍታ በቦታው አዲስ ትቀርጻለች። ከሁሉ አሮጌ የሆነውን መጀመሪያ። ይህን እንኳን ፎቶ አንሺ ታክሲ ነጂም ያውቀዋል።

በዚያች ሰዓት ካርዷ ላይ ከሁሉ አሮጌው የቱ እንደሆነ ግን... አላሰብኩም።

"ቀረጻ ተጀምሯል" አለች ካሜራዋ በዚያች በደረቅ የሴት ድምፅ።

አሥር ደቂቃ ያህል እንደነዳሁ ስልኬ ጮኸ። የመንደሩ ኃላፊ አቶ ቦንግ ነው።

"ዱሶፕ... አባባ ጉ አረፉ።"

"ምን?"

"ሐብሐቡን በእጃቸው እንደያዙ። ፎቷቸውን ቶሎ ላክልን፣ ለቀብሩ ይደርሳል።"

"ዘጠና አንድ ዓመት ሞላቸው እኮ፣ አቶ ቦንግ። ማታ እልካለሁ።"

ዘጋሁት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ሳቅሁ። ከሁሉም በፊት ተነስተው ከሁሉም በፊት ተጠቀሙበት፣ አልኩ ለራሴ።

ሌላ ጥቂት ኪሎ ሜትር... ስልኩ እንደገና።

"ዱሶፕ..." አቶ ቦንግ ያለቅሳል። "እማማ ሱልሬም..."

ይህን ጊዜ አልሳቅሁም። የሩዝ ማሳ ዳር መኪናዬን አቆምኩ።

ካርዷን ነቅዬ፣ አዳፕተሩ ውስጥ ከትቼ፣ ካሜራዬ ላይ ሰካሁት። ሁለቴ ከእጄ አምልጦኛል።

የአባባ ጉ ፎቶ የለም።

የእማማ ሱልሬ የለም።

በቦታቸው የአንድ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ አለ። የመጀመሪያውን ከፈትኩ። አሁን የነዳሁበት መንገድ ነው። በመንገዱ ጠርዝ አንድ ሽማግሌ ጀርባቸውን ሰጥተው ይሄዳሉ። ከረባታቸውን ፈትተው ትከሻቸው ላይ ጥለዋል።

በዚያ መንገድ ላይ ሰው አልነበረም። ዓይኔ ደህና ነው፣ ሥራዬም ማየት ነው።

ሁለተኛውን ከፈትኩ። አንዲት አሮጊት፤ በአንገታቸው ጥቁር ቀለም ይወርዳል...

ያኔ ገባኝ። ቀኑን ሁለት ዓመት ወደ ኋላ የመለስኩት እኔ ነኝ። ካርዷ ላይ ከሁሉ አሮጌዎቹ እነዚያ ስድስት ፎቶዎች ሆነዋል። ካሜራዋ በተራ እየበላቻቸው ነው።

ሦስተኛ ቪዲዮ አለ።

አባባ ያንግ ናቸው። ጥርሳቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

ስልኩ ጮኸ። አነሳሁት።

"አባባ ያንግ ናቸው?" አልኩ በሹክሹክታ።

አቶ ቦንግ ለቅሶውን አቋረጠ።

"በምን... በምን አወቅህ?"

ስልኩን ዘጋሁት።

ሦስት ፎቶ ቀርቷል። ሁለቱ ባልቴቶችና እናቴ። በአዳፕተሩ ጎን የእህል ፍሬ የምታህል መቆለፊያ አለች። ወደ ታች ሳብኳት። እሷ ከወረደች በካርዱ ላይ ምንም አይጻፍም፣ ምንም አይለወጥም። የመኪናዋን ካሜራ ከነገመዷ ነቅዬ ማሳው ውስጥ ወረወርኳትና ወደ ሶንጎል ነዳሁ።

እናቴ በሕይወት አለች፤ ሁለቱ ባልቴቶችም። አዳራሹ በር ላይ ተቀምጣ ለለቀስተኛው ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች።

"ምነው ተመለስክ?"

"ናፍቀሽኝ" አልኳት። በሕይወቴ ብያት አላውቅም። ቢላዋዋን አስቀምጣ ፊቴን አየችው።

ያረፉት ሦስቱም የተቀበሩት ያለ ፎቶ ነው። በጥቁር ሪባን የታሰረው ክፈፍ ውስጥ ነጭ ወረቀት አስገቡ። "ልጁ ፎቶው ጠፋበት" ብሎ አቶ ቦንግ ለሰው ሲያስረዳልኝ ሰማሁ። አንድም ሰው አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ፎቶ ቤቱን ዘግቼ ከእናቴ ጋር መኖር ጀመርኩ። ካርዷን ወደ ሌላ ለመገልበጥ አልደፍርም። በአዲስ ቀን ደግሜ ላነሳትም አልደፍርም፤ ትርፍ ወር እንደገና እስክትመጣ ሦስት ዓመት ገደማ ይቀራል። እስከዚያ አዳፕተሩ እንደተቆለፈ ካሜራው ውስጥ አለ። በየጠዋቱ የእናቴን ፎቶ ከፍቼ አያለሁ፤ እንደነበረች ቀጥ ብላ ታየኛለች። ከዚያ ሩዜን እበላለሁ።

ባለፈው ሳምንት ስከፍተው ፊቷ ወደ ጎን ዞሯል። ትንሽ ነው። አልዞረም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ከትናንት ወዲያ የሚታየኝ ጆሮዋ ነው።

ዛሬ ጠዋት ወጥ ቤት ሆና ትነጫነጭብኛለች።

"ዱሶፕ! ሾርባው ቀዘቀዘ! ደግሞ ያንን ካሜራ ይዘህ ነው?"

"መጣሁ፣ እማዬ።"

መቆለፊያዋን ነካኋት። ወርዳለች። እንደተቆለፈች ነው።

ፎቶውን ከፈትኩ።

እኔ ያነሳኋት ከደረት በላይ ነበር። አሁን የሚታየው አዳራሹ በሙሉ ነው፤ ወለሉ፣ ወንበሩ፣ የተከፈተው በር። ወንበሩ ባዶ ነው። እናቴ በሩ ላይ፣ ጫማ ማውለቂያው ደረጃ ላይ አጎንብሳለች።

አንዱን ጫማዋን አድርጋለች። ሁለተኛውን በእጇ ይዛዋለች።