የጠልሐ እሺታ

ጠልሐ እምቢ ማለት አያውቅም። ሥራዬን ገደል የከተተውም፣ እኔን በፍቅር የጣለኝም ይኸው ጠባዩ ነው።

አፍራህ እባላለሁ። አሳታሚ የሌላቸው፣ በራሳቸው የሚፍጨረጨሩ ሦስት ሙዚቀኞች አሉኝ፤ ማኔጀራቸው ነኝ። ቢሮዬ ኦሎምፒያ ያለ ካፌ ጥግ ላይ ያለች ጠረጴዛ ናት። በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን ስለምቀመጥ አስተናጋጆቹ ሲያዩኝ ፊታቸው ይጠቁራል። አባቴ ሥራዬን ሲጠይቁት «ስልክ ታነሳለች» ይላል። አልተሳሳተም።

ጠልሐን ያገኘሁት ካዛንቺስ፣ ሰፈሩ ሳይፈርስ፣ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ውስጥ እሁድ ከሰዓት ሲዘፍን ነው። ሞቅ ያለው አንድ ሰውዬ ያንኑ ዘፈን ድገም ሲለው ደገመ፤ ሠልስ ሲለው ሠለሰ። ለአራተኛ ጊዜ ሲጠይቀው እኔ ተነስቼ ማይኩን ከእጁ ወሰድኩና «በቃ፣ ዘፋኙ ደክሞታል» አልኩ። ጠልሐ ቀና ብሎ አየኝ። ምስጋናም እፍረትም አንድ ላይ ያለበት እንደዚያ ያለ ዓይን አይቼ አላውቅም። በሳምንቱ ማኔጀሩ ሆንኩ። በስድስተኛው ወር ደግሞ፣ አላህ ይይልኝ፣ ስልኬ በጮኸ ቁጥር እሱ በሆነ እል ጀመር።

እሱም እንደሚወደኝ አውቃለሁ። ተናጋሪዋ ግን እኔ ነኝ። አንድ አርብ ከሰንጋ ተራ ስንመለስ፣ ታክሲ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን፣ «ለአባቴ ሽማግሌ ላክ። ተደብቄ መውደድ አልችልም» አልኩት።

«እሺ» አለኝ።

ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። ሽማግሌም የለ፣ ወሬም የለ።

በዚያው ሰሞን የመጀመሪያ ኮንሰርቱን እያዘጋጀሁ ነበር። የአዳራሹን ባለቤት ወራት ሙሉ ደጅ ጠንቼ ነው ቀን የሰጠኝ። ስምምነታችን አንድ ነው፦ አዲሱ ዘፈን ከዚያ መድረክ በፊት የትም አይሰማም።

ሰኞ ጠዋት ስልኬን ስከፍት ዘፈኑ ቲክቶክ ላይ ነው። ጠልሐ ድንኳን ውስጥ፣ ሙሽሮቹ አጠገብ ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ ይዘፍናል፤ ከጀርባው አንዲት ሴትዮ እልል ትላለች። የጎረቤቱ የጋሽ መገርሳ ልጅ ሰርግ ነበር። የአዳራሹ ባለቤት ከእኔ ቀድሞ አይቶታል። «እህቴ፣ ዘፈኑ እኮ የሰርግ ሆኗል። ቀኑን ለሌላ ሰው ሰጥቼዋለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ጠልሐን ወሎ ሰፈር፣ ከቤታቸው በታች ያለ ካፌ ቀጠርኩት።

«ጋሽ መገርሳ ናቸው የለመኑኝ» አለ፣ ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ። «ምን ልበላቸው?»

«‹ማኔጀሬን ጠይቁ› በላቸዋ! እኔ ለምንድነው ያለሁት?»

«መጀመሪያ ሌላ ዘፍኜ ነበር። ማለቴ… ‹አዲስ የለህም ወይ?› ሲሉኝ…»

«እና እሺ አልክ።»

ስኒውን በጣቱ ያሽከረክር ጀመር።

«ለእኔስ ያልከው እሺ? ታክሲ ውስጥ ያልከው? እሱም ይሉኝታ ነው?»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ቃል ግን አልወጣውም። እኔም ተቃጠልኩ።

«በቃ ጠልሐ። ከዛሬ ጀምሮ ማኔጀርህም ምንህም አይደለሁም።»

ቀና አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«እሺ» አለኝ።

ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። እስከ ኦሎምፒያ በእግሬ ሄድኩ፤ እያለቀስኩ ሳይሆን ለብቻዬ እየተሳደብኩ። ሰው ዞር እያለ ያየኝ ነበር።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቤታችን ሽማግሌ መጣ። ከጓዳ ሆኜ በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው ጋሽ መገርሳ። በሩ አጠገብ ደግሞ ጠልሐ! ልጁ ራሱ ከሽማግሌ ጋር አይመጣም፣ ነውር ነው። ኋላ እንደሰማሁት ጋሽ መገርሳ «ናና ቤቱን አሳየን» ሲሉት እሺ ብሎ ተከትሏቸው ነው።

ጋሽ መገርሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጁ ከለመነኝ ሁለት ሳምንት አልፎታል። የልጄ ሰርግ ይለፍ ብዬ ያቆየሁት እኔ ነኝ።»

ግድግዳውን ተደገፍኩ። ሽማግሌ ሁኑልኝ ብሎ የለመናቸውን ሰው በምን አፉ ዘፈን ይከልክላቸው? ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። ያን ቀን ይህችን ነገር ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ሰውንም እንደ ጣቃ ገልብጦ ነው የሚያየው። ጠልሐን ከላይ እስከ ታች ካየው በኋላ «ዘፈን እንጀራ አይሆንም» አለ። «እሱን ተውና ከእኔ ጋር ሱቅ ግባ። ልጄን ዛሬውኑ እሰጥሃለሁ።»

የሽማግሌዎቹ ፊት በራ። በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል አባት ማን አይቶ ያውቃል? እኔ ግን ደነገጥኩ። ጠልሐ ምን እንደሚል አውቃለኋ! ሱቅ ይገባል፣ እኔም አገባዋለሁ፤ ከዚያ በእኔ የተነሳ ድምፁን ከቀበረ ሰው ጋር ዕድሜ ልኬን እኖራለሁ።

«አይ፣ ጋሼ» አለ ጠልሐ። «ልጅዎን እወዳታለሁ። ዘፈኑን ግን አልተውም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አባቴ «እንግዲህ እናስብበታለን» ብሎ ተነሳ። ሌላ ቀጠሮ እንኳ አልሰጣቸውም።

በጓሮ በር ወጥቼ መንገድ ላይ ደረስኩበት። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አባትሽን አስቀየምኳቸው» አለኝ። «አበላሸሁት፣ አይደል?»

«አበላሸኸው» አልኩት። አዳራሽ የለንም፣ ቀን የለንም፣ አባቴም ተቆጥቷል። ሳቄን ግን መያዝ አቃተኝ። እንባዬም አብሮ መጣ።

«አፍራህ፣ ካፌው ውስጥ እሺ ያልኩሽ… ስትናደጂ አፌ ተሳስሮ ነው። ልቤ አላለውም። በቃ፣ ያቺን እሺ መልሺልኝ።»

«እሺ» አልኩት፤ መለስኩለት።