ቀይ ነጥብ ያለበት ዳዶ

የቄንጤ ሳቅ ከመታጠፊያው በኩል ሲሰማ ሚጢጢ የጎማውን ሦስተኛ ዳዶ በጣቷ እያዞረች ነበር። ያ ሳቅ አይጠፋትም። ክፍል ውስጥ ከኋላ ወንበር ተነስቶ አስተማሪ የሚያስቆም ሳቅ ነው።

መደበቂያ ደግሞ የለም። ግቢያቸው ከፒካፑ በአንድ ክንድ ስለሚያጥር፣ መኪናው በሚጠገንበት ቀን ኋላው ከበሩ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ የኋላውን ጎማ የሚያስር ሰው ቁጢጥ የሚለው ሰፈሩ ሁሉ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነው። ሚጢጢ የለበሰችው የአባቷን አሮጌ ቱታ ነው፤ እጅጌው ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎም ይረዝማታል። ግንባሯ ላይ ግሪስ እንዳለ መስታወት ሳታይም ታውቃለች።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ ግን መኪናውን ለሰው እጅ አይሰጥም። ዘይቱንም ፍሬኑንም ራሱ ይቀይራል፤ ሞተሩን ከፍቶ ሲያይ ልክ ያልመጣ ኮት እንደሚያይ አንገቱን ዘመም ያደርጋል። ሚጢጢ ያላትም እሱ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት፣ በቁመት እናቷን አልፋ፣ አሁንም ሚጢጢ ናት። ዛሬ እሑድ የፍሬን ሸራ አብረው ከቀየሩ በኋላ የመጨረሻውን ጎማ ለብቻዋ እንድታስር ትቶላት የተሰፋ ዩኒፎርም ለመተኮስ ገብቷል። እንዲህ አምኖ ሲተውላት ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ቤቱ አንድ ደንብ አለው። ዳዶ ያጠበቀ ሰው ዳዶው ላይ በጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ ያደርጋል። ነጥብ ያለበትን ማንም አይነካም፣ ማንም አይጠይቅም። ደንቡ የወጣው አንድ ጊዜ እናቷ አባቷ ያጠበቀው መስሏት፣ አባቷም እናቷ ያጠበቀችው መስሎት የዘይቱ መክደኛ ሳይታሰር ቀርቶ፣ ዘይቱ በሙሉ አስፋልት ላይ ካለቀ በኋላ ነው። ቀለሙ የእናቷ ነው። ሱቅ ውስጥ አምሯት ገዝታው ቤት ስትደርስ «ይሄንን ቀብቼ ደግሞ የት ልወጣ ነው?» ብላ ለመኪናው ሰጠችው።

ሳቁ ቀረበ። አርብ ዕለት ቄንጤ የሚጢጢን ጥቁር ጥፍር አይታ «የጋራዥ እመቤት» ብላት ክፍሉ ቀኑን ሙሉ ሙድ ሲይዝባት ነበር የዋለው። አሁን ቄንጤና ጓደኞቿ ቱታውን ካዩማ አለቀላት። የቀሩትን ሁለት ዳዶዎች ቶሎ ቶሎ በጣቷ አስገባች። ከዚያ የጎማ መፍቻውን አየችው። አምስቱን ለማጥበቅ በእግር እየቆሙ መጫን አለ፣ መንገዱ ላይ፣ አምስት ጊዜ። የቀለሙ ጠርሙስ ደግሞ ትንሽ ናት፤ ነጥብ ካለ አባቷም ለምን ቶሎ እንደገባች አይጠይቃትም። «ሲያልፉ ተመልሼ አጠብቀዋለሁ» ብላ ለራሷ አምስት ነጥብ ነጠበችና እየሮጠች ገባች።

ፊቷን ታጥባ ስትወጣ መኪናው ከክሪኩ ወርዷል። አባቷ ዕቃውን ሰብስቦ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር።

«አየሽልኝ?» አላት እናቷን፣ ጎማውን በአገጩ እያሳየ። «እኔ እንኳ በሷ ዕድሜ ሱሪ ማሳጠር አልችልም ነበር።»

ሚጢጢ አፏን ከፈተች። እናቷ ፈገግ ብላ ስታያት መልሳ ዘጋችው። በጠዋት ተነስታ ልታጠብቀው ወሰነች። ጠዋት ግን የቀሰቀሳት የመኪናው ድምፅ ነበር፤ በሩ ጋ ስትደርስ ጭሱ ብቻ ነበር የቀረው።

ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷን ትከሻዋን ይዛ፣ ትንሽ ወንድሟን ከንፈሩ አብጦ አገኘቻቸው። ፒካፑ መታጠፊያው ላይ ኋላው ተንገዋልሎ ቦይ ውስጥ ገብቶ ነበር። ወንድሟ እናቱ ጭን ላይ ስለነበር ከዳሽቦርዱ ጋር ተጋጭቶ ከንፈሩ ሁለት ቦታ ተሰፍቷል።

«አየሽ፣ ተሰፋሁ» አላት፣ እያኮላተፈ። «አባዬ ግን አይደለም የሰፋኝ።»

ሁሉም ሳቁ፣ ከሚጢጢ በቀር። እሷ ደፉ ላይ ተቀመጠች።

አባቷ ነገሩን ሁሉ ጨርሶ አስቦታል። «ሦስቱ የድሮ ዳዶዎች አሉ። የወለቁት ቅዳሜ ከጎሚስታው የገዛኋቸው ሁለቱ ናቸው። ጥርሳቸው ያለቀ ዳዶ ነው የሰጡኝ ማለት ነው።»

«ምናልባት በደንብ ሳይጠብቁ...» አለች ሚጢጢ።

«ነጥቡን በዓይኔ አይቻለሁ እኮ» አላት። «አንቺ ራስሽን አትጠርጥሪ። ተነሽ፣ አብረን እንሂድ።»

ጎሚስታው ሽማግሌ ናቸው። መሥሪያ ቤታቸው አንዲት የቆርቆሮ ክፍልና ከፊቷ የተደረደረ ጎማ ነው። ሲደርሱ አንድ ባለታክሲ የተበሳ ትርፍ ጎማ ይዞ ተራ ይጠብቅ ነበር። አባቷ ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ይሄ ሚጢጢን ባሰባት። ሰላምታ ሰጥቶ፣ የሆነውን አንድ በአንድ ነግሮ «ልጄ ሊሞትብኝ ነበር ጋሼ፣ ሚስቴም» አለ።

ጎሚስታው ግራ ገባቸው። «ያን ዳዶ ራሴ ሞክሬ ነው የሰጠሁህ። በደንብ ታስሮ ነበር?»

«ይቺ ናት ያሰረችው። የሷን ሥራ ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ።»

ሽማግሌው ወደ ሚጢጢ ዞሩ። በቁጣ አልነበረም፤ እንደ ሙያ ባልደረባ ነበር የጠየቋት። «አጥብቀሽው ነበር ልጄ?»

ሚጢጢ አንገቷን በአዎንታ ነቀነቀች። ፊቷ ግን እስከ ጆሮዋ ጋለ፤ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት።

«እንግዲያው ዓይኔ ከድቶኛል» አሉ ጎሚስታው በቀስታ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር በለኝ።»

ባለታክሲው ይህን ሰምቶ ጎማውን አቅፎ አነሳና «ሌላ ጊዜ እመጣለሁ ጋሼ» ብሎ ሄደ። ይመጣል ብሎ ያመነ ግን አልነበረም። ጎሚስታው ከክፍላቸው አንድ ትልቅ የዳዶ ቆርቆሮ አውጥተው መሬት ላይ ዘረገፉት። መነጽራቸውን አድርገው አንዱን አነሱ፣ ብሎን ላይ አዞሩት፣ ወደ ብርሃኑ አስጠግተው አዩት። ከዚያ ሁለተኛውን። ቢያንስ ሁለት መቶ ይሆናሉ።

አባትና ልጅ ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ። አባቷ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገ። «ደግ ሰው ናቸው። ብቻ ዕድሜ...» አለና ተወው። እጁ ሚጢጢን ከበዳት። እፍረት የምታውቅ ይመስላት ነበር፤ ቱታና ግሪስ ያሳፍራት ነበር። አሁን ቄንጤ ትምህርት ቤቱን ሁሉ ሰብስባ ብትስቅባት በወደደች።

«አባዬ፣ ዳዶዎቹ ደህና ነበሩ።»

አባቷ ቆመ።

«ነጥቡን የቀባሁት ሳላጠብቅ ነው። የክፍሌ ልጆች በዚያ ሲያልፉ ሼም ይዞኝ ነው። በኋላ ላጠብቀው ነበር... ከዚያ አንተ አመሰገንከኝ።»

እጁ ከትከሻዋ ወረደ። ብዙ ነገር ሊላት እንደሚችል ታውቃለች፤ ምናለ በተናገረ ብላ ተመኘች። እሱ ግን መንገዱን ያይ ነበር።

«እኔስ?» አለ በመጨረሻ። «እኒያን ሽማግሌ ሰው ፊት ያዋረድኩት እኔ ምን ልሁን?» ቆየት ብሎ ድምፁ ለስለስ አለ። «በይ አንቺ ቤት ግቢ። እኔ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

ቤቱ ከዚያ ሆኖ ይታያል። አንድ እርምጃ ወደዚያው ሄደች። ከዚያ ተመለሰች።

«የጠየቁት እኔን ነው» አለች።

ጎሚስታው ገና ሃያውን እንኳ አላዩም። ሚጢጢ አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«ጋሼ፣ ዳዶዎን ይሰብስቡት። ምንም አልሆነም። ሳላጠብቅ ያጠበቅኩ ያስመሰልኩት እኔ ነኝ። ቅድም ሲጠይቁኝም ዋሽቻለሁ።»

የሽማግሌው እጅ ባለበት ቆመ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ፤ ጠርገው ሲጨርሱም እንደገና ጠረጉት። አባቷ ከኋላ መጥቶ «ጋሼ...» አለና እሱም በርከክ አለ።

«የሕፃኑ ከንፈር እንዴት ሆነ?» አሉ ጎሚስታው።

ሚጢጢ ስድብ ጠብቃ ነበር። እንባዋ መጣ። በእጇ ጀርባ ጠርጋ፣ የተዘረገፉትን ዳዶዎች እየለቀመች ወደ ቆርቆሮው መመለስ ጀመረች። ሦስቱም ለቀሙ። የመጨረሻው ሲገባ ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች።

«ጋሼ፣ ቅድም የሄደው ባለታክሲ የት ነው ተራ የሚይዘው?»

«ትምህርት ቤቱ በር ላይ። ምነው?»

ቄንጤና ጓደኞቿም ከትምህርት በኋላ ቆይተው በዚህ ሰዓት ታክሲ የሚጠብቁት እዚያው ነው። ሚጢጢ ይህን አስባ ትንሽ ቆመች።

«እሱም መስማት አለበት» አለችና መንገድ ጀመረች።