ያልተሰማው ጥያቄ

እትዬ ስፒሎቹን በከንፈራቸው ነክሰው እያወሩ ነበር። ሚጡ በርጩማ ላይ ቆማለች፤ ልብስ ሰፊዋ እትዬ ተንበርክከው የአዲስ ቀሚሷን ጠርዝ እያጠፉ የሆነ ነገር ይሏታል። ጉንጫቸው ይንቀሳቀሳል፤ ከንፈራቸው ግን እንደተዘጋ ሱቅ ግጥም ብሏል። ከንፈር ካልተከፈተ ደግሞ ለሚጡ ወሬ የለም።

እትዬ ንግግራቸውን ጨርሰው ወደ ላይ አንጋጠው አዩዋት። ጥያቄ እንደነበር ከቅንድባቸው ገባት።

«አዎ፣ እትዬ» አለች ሚጡ፤ ፈገግታም ጨመረችበት።

ሰሞኑን የተካነችበት ሙያ ይኸው ነው። ሰው ቅንድቡን ሲያነሳ «አዎ»፣ ሲስቅ መሳቅ፣ ሲያዝን ከንፈር መምጠጥ። እትዬ በደስታ እግሯን ቸብ ቸብ አደረጉና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሳምንት በወጣቶች የጸሎት ጉባኤ ላይ ነው። አምና የያዛት ክፉ ትኩሳት ነፍሷን ቢምርላትም ጆሮዎቿን አልማረም። ከዚያ ወዲህ የመስሚያ መሣሪያዋን ካላደረገች በር ቢደበደብ አትሰማም። በዚያ ጉባኤ ላይ «ሬዲዮ» የምትባለው ጓደኛዋ መሣሪያውን አውልቃላት፣ እጇን ጭናባት፣ ላብ እስኪያጠምቃት ድረስ ጸለየችላት። ሬዲዮ የሚሏት አንዴ ከተከፈተች የሚዘጋት ስለሌለ ነው። ጸሎቱ ሲያበቃ ፊት ለፊቷ ቆማ «ይሰማሻል?» አለቻት። ሚጡ ይህን ከከንፈሯ አነበበች። ከሬዲዮ ኋላ ያ ሁሉ ሰው እንባ አቅርሮ ይጠብቃል። እናቷም መካከላቸው ነበረች፤ ሁለት እጆቿን አፏ ላይ አድርጋ።

«አዎ» አለች ሚጡ።

ሕዝቡ በደስታ መዝለሉን ያወቀችው ወለሉ ከእግሯ ሥር ሲንቀጠቀጥ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መሣሪያው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። እሑድ በጉባኤው ፊት ምስክርነት እንድትሰጥ ፕሮግራም ተይዞላታል፤ ቀሚሱም እትዬ ለዚያው ቀን ብለው የሚሰፉላት ስጦታ ነበር።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷን ደጃፋቸው ላይ አገኘቻት።

«ሚጡዬ፣ እትዬን ምን ብለሻቸው ነው?» አለች እናቷ እየሳቀች። ፊት ለፊት ስለሆነች ሚጡን አንዲት ቃል አላመለጠቻትም። «የስኳር መርፌዬን ትቻለሁ አሉኝ እኮ! ‹ለእሷ ያደረገ አምላክ ለእኔም አያቅተውም፤ ልተወው ወይ ብዬ ስጠይቃት አዎ ብላኛለች› አሉ።» ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። «እኔስ ፈርቼላቸዋለሁ። ግን የሰው እምነት እንዴት ይነካል?»

ለካ ስፒሎቹ መሐል የታፈነው ጥያቄ ይህ ኖሯል! ደብተሯን እናቷ እጅ ላይ ጣለችና ደረጃውን እየዘለለች ከሥር ወዳለው የእትዬ ስፌት ቤት ወረደች።

እትዬ የስፌት መኪናቸው ላይ አጎንብሰዋል። አጠገባቸው ያለው የውሃ ጆግ ሊያልቅ ደርሷል፤ ከንፈራቸው ግን እንደ ደረቀ ነው።

«እትዬ፣ መርፌውን ባይተዉት ጥሩ ነው» አለች። «ሐኪሙንም እኮ የፈጠረው እግዚአብሔር ነው።»

እትዬ ቀና አሉ። ዛሬ አፋቸው ባዶ ነበር። «አንቺስ መሣሪያሽን ጥለሽ የለ እንዴ? እኔ ጋ ሲደርስ ነው እምነት የሚቀንሰው?» ብለው ሳቁና እጃቸውን አወናጨፉ። «በይ ሂጂ፣ ሥራ አታስፈቺኝ።»

ሚጡ ወጣች። ደረጃው መሐል ስትደርስ ግን ተቀመጠች። ጥግ ጥጉን ሄዳ ነገሩን ልታስተካክል ሞከረች፤ አልሆነም። የቀረው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ከምንም ነገር በላይ ትፈራዋለች። አፈረችም። ያቺ የምትዘምር፣ የምትጾም፣ ታናናሾቿን የምታስተምር ልጅ ውሸታም ሆና ልትገኝ ነው።

ሳምንቱን ሙሉ የጸለየችው አንድ ጸሎት ብቻ ነበር። «ከእሑድ በፊት ጆሮዬን ክፈትልኝ፤ ውሸቴ እውነት ይሁን።» አሁን ሲገባት፣ ይሄ ጸሎት ሳይሆን እግዚአብሔርን የውሸቷ ተባባሪ ማድረግ ነው። ግንባሯን ጉልበቷ ላይ ደፋች።

«አፌን ክፈትልኝ» አለች። ሌላ ምን እንደምትጨምር አላወቀችም።

ከሰማይ ድምፅ አልመጣም። ፍርሃቷም ንቅንቅ አላለም። እሷ ግን ከነፍርሃቷ ተነሣችና ወደ ላይ ወጣች።

መሣሪያውን ከመሳቢያው አውጥታ ስታደርገው ቤቱ እንደገና ተሰማት፤ የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ፣ የእናቷ ነጠላ ጫማ ኮቴ። ኮቴው በሩ ላይ ቆመ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«አልዳንኩም፣ እማዬ። ያን ቀንም ምንም አልሰማሁም።»

እናቷ የአልጋው ጫፍ ላይ ዘጭ አለች። ፊቷ ላይ ያለፈው ነገር ሚጡን ከዚያ ከትኩሳቱ በላይ አመማት።

«ለምን?» አለች እናቷ።

«ደስ ሲልሽ አየሁዋ። ከታመምኩ ወዲህ እንደዚያ ሆነሽ አታውቂም።»

እናቷ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «እኔን ደስ ለማሰኘት ጆሮሽን መሳቢያ ውስጥ ትቆልፊያለሽ? ሞኝ ነሽ! ሞኝ!» አለችና ጎትታ አቀፈቻት። ከዚያ ብድግ አለች። «ቆይ፣ ለእትዬ እኔ ልንገራቸው። አንቺ ቁጭ በይ።»

የሚያጓጓ ሐሳብ ነበር። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታ ሁሉም ነገር እስኪያልፍ ድረስ መጠበቅ ትችላለች።

«አዎ ያልኳቸው እኔ ነኝ» አለች ሚጡ። «እኔው እነግራቸዋለሁ። አንቺ ግን ተከተይኝ፤ ሐኪም ቤት የሚወስዳቸው ሰው ያስፈልጋል።»

እትዬ እንደገና ሲያዩዋት ሊቆጧት አፋቸውን ከፈቱ። ሚጡ አልጠበቀቻቸውም። ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ መሣሪያውን አሳየቻቸው።

«ትናንት የጠየቁኝን አልሰማሁም፤ ስፒል ነክሰው ነበር። ዝም ብዬ ነው አዎ ያልኩት። አልዳንኩም፣ እትዬ። ያን ቀንም ዋሽቼ ነው።»

የስፌት መኪናው ቆመ። እትዬ አንዴ ልጅቱን፣ አንዴ በር ላይ የቆመችውን እናቷን አዩ።

«ያን ሁሉ ሰው በውሸት ነው ያስለቀስሽው?»

«አዎ» አለች። ይህኛውን ጥያቄ ግን ሰምታ ነበር የመለሰችው።

እትዬ የያዙትን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ኋላ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «ታዲያ ስትለምኚው እግዚአብሔር አልሰማሽም ማለት ነው?»

«የጆሮዬን ነገር አላውቅም» አለች ሚጡ፤ እንባዋ እየመጣ። «አሁን ደረጃው ላይ ግን አፌን እንዲከፍትልኝ ለመንኩት። ወደዚህ የመጣሁት እየፈራሁ ነው። ይኸው ግን ነገርኩዎት።»

እትዬ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ። ትንሿን ማቀዝቀዣ ከፍተው መድኃኒታቸውን አወጡ። «ዞር በሉ እስቲ፣ ልወጋበት» አሉ ቆጣ ብለው።

«ከዚያ ሐኪሙ ጋ እንሄዳለን» አለች የሚጡ እናት።

«እንሄዳለን አልኩ እንጂ አልሄድም አልኩ እንዴ?» አሉ እትዬ፤ ከዚያ በፊት አንዳች ያሉት ነገር ባይኖርም።

ቅዳሜ ጠዋት ሬዲዮ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ስትደረድር ሚጡ መጥታ ሁሉንም ነገረቻት። ሬዲዮ ወንበሩን እንደያዘች ቀረች። ዝም አለች! እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት ያየ ሰው የለም።

«የእኔ ጸሎት ነዋ ያልሠራው» አለች በመጨረሻ።

«የእኔ ውሸት ነው እንጂ የአንቺ ጸሎት ምን አደረገ? እኔም ገና እየጸለይኩ ነው።»

«ሰው መሳቂያ ያደርገናል እኮ፣ ሚጡ! በቃ፣ አመማት ብዬ ከፕሮግራሙ ላውጣሽ።»

«ሌላ ውሸት ልትጨምሪልኝ?»

ሬዲዮ ወንበሩን አስቀምጣ ራሷ ተቀመጠችበት። «ታዲያ ምን ብለሽ ልትመሰክሪ ነው?»

«አልዳንኩም እላለሁ። በእኔ ምክንያት መድኃኒቱን የተወ ሰው ካለ ዛሬውኑ ይጀምር እላለሁ።» ሚጡ ትንሽ አሰበች። «ደግሞ እግዚአብሔር እንዳልተወኝ እናገራለሁ። እሱን ማንም አላስጠናኝም፤ ደረጃው ላይ ነው ያወቅኩት።»

መድረኩ ላይ ወጥታ ማይክሮፎኑን ሞከረችው። የድምፅ ማጉያው ጆሮዋ ውስጥ ሲያፏጭባት ፊቷን ጨፈገገችና ማቆሚያውን እየጎተተች ወደ ሌላው ጥግ ሄደች። እዚያ ፉጨቱ ጠፋ። ወንበሮቹን ከዳር እስከ ዳር አየቻቸው።

«እዚህ ጋ ነው የምቆመው» አለች። «መብራቱን ወደ ሕዝቡ መቀመጫ አዙሪልኝ። ነገ ሰዎቹ ሲጠይቁኝ አፋቸውን ማየት አለብኝ።»

ሬዲዮ አፍንጫዋን ጠረገችና መብራቱን ልታዞር ሄደች።