አንገቷ ላይ የሌላ ሰው ስም ያለባት ልጅ

በሰሜን በረዷማ አገር፣ በኮዩኩክ ወንዝ ዳር ባለች ሃያ ቤት በማትሞላ መንደር ማደሊን የምትባል እናት ትኖር ነበር። ምን ያልደረሰባት መከራ አለ? የሦስት ዓመት ልጇ ኦዴሊያ ሳንባዋን ታማ በአውሮፕላን ወደ ሩቅ ከተማ ሐኪም ቤት ተወሰደች። በዚያው ዓመት ባሏ አምብሮዝ የአውሬ ወጥመዱን ሊያይ በረዶ የሆነውን ወንዝ ሲሻገር በረዶው ከእግሩ ሥር ተሰብሮ ወንዙ በላው። የቀረቻት ልጇ ብቻ ነበረች፤ እሷንም አምስት ዓመት ሙሉ አላየቻትም።

ከአምስት ዓመት በኋላ አውሮፕላኑ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ አወረደ። አንገቷ ላይ የኦዴሊያ ስም የተጻፈበት ወረቀት ተንጠልጥሏል። ማደሊን ስታቅፋት ልጅቱ ደርቃ ቆመች። ከእንግሊዝኛ በቀር ቋንቋ አታውቅም። የደረቀ የሳልመን ዓሣ ብትሰጣት ተፋችው።

«የልጄ ዓይን እንዲህ አልነበረም» አለች ማደሊን ለጎረቤቷ ለአግነስ።

«አንቺስ የዛሬ አምስት ዓመት የነበርሽው ነሽ? ይልቅ አጥግቢያት፤ ዓይኗም ይመለሳል።»

ማደሊን ልጅቱን ወደ ቤት ወስዳ መገበቻት። ልጄ ናት? ወይስ አይደለችም? የገዛ ልጇን የምትጠራጠር ምን ዓይነት እናት ናት?... በዚህ ሐሳብ እየተናጠች በጥንቸል ቆዳ ጠቅልላ አሳደገቻት፤ ቋንቋውን፣ ዓሣ መዘልዘሉን አስተማረቻት። ሁለት ዓመት ሲያልፍ ጥርጣሬው ሊጠፋ ምንም አልቀረው።

ደብዳቤው የመጣው ያን ጊዜ ነው። የመንደሩ አስተማሪ አነበበላት። ሐኪም ቤቱ የሁለት ልጆችን ስም አቀያይሯል። ኦዴሊያ ከሦስት ዓመት በፊት ሞታ እዚያው ተቀብራለች። ይህችኛዋ ኮራ ትባላለች፤ እናቷ ዊኒፍሬድ በወንዙ ቁልቁል ባለው መንደር ናት፤ ልጅሽ ሞታለች ተብላ ነበር።

«ለዊኒፍሬድ ገና አልተነገራትም» አለ አስተማሪው አንገቱን ደፍቶ። «ከፈለጉ እኔ ደብዳቤውን አላየሁም እላለሁ።»

ማደሊን ለማን ታልቅስ? የሞተችው ልጇ መልኳ ጠፍቶባታል፤ ያለችው ደግሞ የሰው ናት... እንባዋ እምቢ አለ።

«ያችስ እናት እያለቀሰች አይደል?» አለች በመጨረሻ።

ልጅቱን ይዛ ሁለት ቀን በጀልባ ተጓዘች። ዊኒፍሬድ ወንዙ ዳር ዓሣ ስትዘለዝል ነበር። ነገሩን ሰምታ ልጅቱን ረጅም ጊዜ አየቻት። አላወቀቻትም።

«የልጄን ተዝካር አውጥቻለሁ እኮ» አለች ግራ ተጋብታ። «ሙሾ ገጥሜላታለሁ። አገር ምድሩ አልቅሶላታል።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እህቴ... ለካ ያለቀስነው ላንቺ ልጅ ኖሯል።»

ማደሊን አሸዋው ላይ ተቀመጠች። «እስቲ በይልኝ» አለች። «ሙሾዋን ልስማው።»

ዊኒፍሬድ ቢላዋዋን አስቀምጣ አንጎራጎረች። ማደሊን በማታውቀው ዜማ ለልጇ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። ልጅቱ ሁለቱን እያየች ፈራች።

«እማ» አለች።

«ወዬ» አሉ ሁለቱም።

ማደሊን ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። ከዊኒፍሬድ ጎን ጎጆ ሠርታ ቀረች፤ ልጅቱም በሁለት ቤት አደገች። ዕጣ አንዷን በሕይወት ላለች ልጅ አስለቅሶ፣ ሌላዋን በሰው ልጅ ያስደሰታት ለምን ይሆን? ሁለቱ እናቶች ይህን እየተጠያየቁ አረጁ፤ መልሱን ግን አንዳቸውም ሳያገኙት አለፉ።