ያልተከፈቱት ገጾች

ፌንጣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። እውነተኛ ስሟ ሌላ ነው፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማትችል ግን ሁሉም ፌንጣ ይላታል። ቤቷ ከአባቷ የመጽሐፍ መጠረዣ ክፍል በላይ ነው። የሙጫው ሽታ በደረጃው ወጥቶ እስከ አልጋዋ ይደርሳል።

አያቷም አብረዋቸው ይኖሩ ነበር። አርባ ዓመት መጽሐፍ ጠርዘዋል፤ አንዱንም ግን አንብበው አልጨረሱም፣ ባለቤቱ መጥቶ ይወስደዋላ። ዓይናቸው ሲደክም አባቷ አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ጠረዘላቸው። በዚያ ቤት ደንብ የገጾቹ ጫፍ ሳይቆረጥ እንደታጠፈ ይሰፋል፤ አንባቢው የተያያዙትን ገጾች በአጥንት ቢላዋ እየከፈተ ይቀጥላል።

"አንቺ ታነቢልኛለሽ፣ እኔ እሰማለሁ" አሏት አያቷ።

መጽሐፉ የተጣሉ እህትና ወንድም ታሪክ ነበር፤ ከባድም ነበር፣ ልጆች። ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ትንፋሽ ያልቃል። አንዱ ሰው ሦስት ስም አለው። ከዚያ ደግሞ ዝናብ መጣ፤ ሠላሳ ገጽ ሙሉ ዝናብ ብቻ። ከመስኮቱ ሥር ልጆች ገመድ ይዘላሉ። የፌንጣም እግር ከወንበሩ ሥር አብሮ ይዘላል።

እናንተም አሁን እግራችሁን እያወዛወዛችሁ ነው፤ አይቻለሁ።

አንድ ቀን ዝናቡን ዘለለችው። ማንም አላወቀም። በማግስቱ ሌላ ዘለለች። በሳምንቱ "አለቀ፣ አባባ" አለች።

አያቷ ግንባራቸውን አሹ። "እህትየዋ ወንድሟን ይቅር አለችው እንዴ? ስሙን እንኳ መስማት አትፈልግም ነበር እኮ። መቼ ታረቁ?"

"አንብቤልዎታለሁ እኮ።"

"አንብበሽልኛል?" አሉ። "እንግዲያው ጭንቅላቴም እንደ ዓይኔ ሊከዳኝ ነው።"

ከዚያ ወዲያ አያቷ ማውራት ፈሩ። ምሳ ላይ አባቷ ሲያናግራቸው "ተወኝ፣ የሰማሁትን አልይዝም" ይላሉ። ፌንጣ ገመድ ልትዘል ወረደች፤ እግሯ እምቢ አላት። ወጣች። ውሃ ጠጣች። እንደገና ወረደች። ስትጸልይ እንኳ ያንን ነገር ዘለለችው። ዓይን አፋር ነበረችና "ዋሸሁ" ማለት አቃታት።

በመጨረሻ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አስቀመጠች። ጣታቸውን ይዛ በገጾቹ ጫፍ ላይ አስኬደችው። የጠራዥ ጣት አይሳሳትም።

"አልተከፈተም" አሉ። "ይሄም። ይሄም። አንቺ ልጅ፣ ግማሹን ዋጥሽው እንዴ?"

"ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ።"

ቁጣ ጠበቀች። እሳቸው ግን በረጅሙ ተነፈሱ። "ታዲያ ጭንቅላቴ ደህና ነው በይኛ" አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። "በይ ቢላዋውን አምጪ። ከዝናቡ እንጀምራለን።"

ዝናቡ ሁለት ቀን ፈጀ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሁንም አሰልቺ ነበር። እግሯ ይዘላል፤ ዓይኗ ግን መስመሩን አልለቀቀም። ከዝናቡ ገጾች ሃያ ስምንተኛው ላይ ወንድምየው እዚያ ዝናብ ውስጥ ቆሞ እህቱን ሲጠብቅ ተገኘ፤ እህቱም በመስኮት አየችው።

"አሃ" አሉ አያቷ።

"አሃ" አለች ፌንጣ፤ እግሯም ዝም አለ።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። "ገጽ አትዝለሉ" እያልኩ ስቆጣችሁ የኖርኩት አስተማሪያችሁ፣ ፌንጣ እኔ ነኝ። ያ ቢላዋ ዛሬም ቦርሳዬ ውስጥ አለ።

ልጆች፣ የጀመራችሁት ሲከብዳችሁ "ከብዶኛል" ብላችሁ ቀጥሉ እንጂ፣ ዘላችሁ "ጨርሻለሁ" አትበሉ።